የባንዲራ ያዡ ደም

ሥራዬ መቆም ነበር።

ከወለንጪቲ ወዲያ ቁልቁል፣ ቆላው በሚጀምርበት በኩል፣ ጥጥ የሚያመርት አንድ የመንግሥት እርሻ ነበር። እዚያ ባንዲራ ያዥ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባንዲራ ያዥ የሚባለው አውሮፕላን ማሳው ላይ መድኃኒት ሲረጭ መስመር እንዳይስት፣ ነጭ ጨርቅ በረጅም እንጨት ላይ አስሮ የማሳው ጫፍ ላይ የሚቆም ሰው ነው። አንዱ በዚህ ጫፍ ይቆማል፣ ሌላው በወዲያኛው። አብራሪው ሁለቱን ጨርቆች አይቶ ያነጣጥርና ዝቅ ብሎ ይመጣል። በራሳችን ላይ ያልፋል። ካለፈ በኋላ አሥራ አምስት እርምጃ ወደ ጎን ቆጥረን እንደገና እንቆማለን። የሚረጨው ነገር እንደ ካፊያ ይወርድብናል። ነጭ ሽንኩርትና ነዳጅ የተቀላቀለ ይሸታል። አፍና አፍንጫችንን በጨርቅ እናስራለን፤ ከዚያ ሌላ መከላከያ አልነበረንም። መድኃኒት ነበር የምንለው። መርዝነቱ ለትሉ ነው እንጂ ለኛ አልነበረም።

የናዝሬት ልጅ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ ነጥብ አልመጣልኝም። በደርግ ጊዜ የኔ እድሜ ሰው ከተማ ውስጥ ሥራ ፈቶ መታየቱ ደግ አልነበረም። ታላቅ ወንድሜን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ከቤት ወስደውታል፤ አልተመለሰም። እናቴ ልብሱን አጥባ፣ አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ ከተተችው። አባቴ ከዚያ ወዲያ ስሙን አንስቶ አያውቅም። እኔም አላለቀስኩም። አንድ ቀን አባቴ “እርሻ ሂድ፤ እዚያ የሚያይህ የለም” አለኝ። ሄድኩ። ሰው ሲጠይቀኝ “ደህና” እል ነበር። ውሸትም አልነበረም። ምንም አይሰማኝም ነበር፤ ያን ጊዜ ደህንነት ማለት እሱ መስሎኝ ነበር።

በወዲያኛው ጫፍ የሚቆመው ሰው በሃያ ዓመት ያህል ይበልጠኛል። የቦሰት ሰው ነው፤ አፉን የፈታው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛውም የሚያምር ነበር። እኔ ጋሼ እለው ነበር። እሱ ደግሞ “ኢልማ ኮ” ይለኛል፣ ልጄ ማለቱ ነው። ጠዋት በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭነን ወደ ማሳው ስንሄድ “አከም ቡልቴ?” ብሎ እንዴት እንዳደርኩ ይጠይቀኛል። በተሰባበረ ኦሮምኛ ስመልስለት ይስቃል። ከዚያ በኋላ እስከ ረፋዱ ድረስ አንነጋገርም፤ በመካከላችን ግማሽ ኪሎ ሜትር ጥጥ አለ። እኔ የማየው ነጭ ጨርቁን ብቻ ነው፣ እሱም የኔን።

እርሻው ለኛና ለረጪዎቹ ያወጣው አንድ ደንብ ብቻ ነበር፤ ወተት። ወተት መርዝ ያበርዳል ይባላል። ከሥራ ስንወጣ በሩ አጠገብ ለያንዳንዳችን ግማሽ ሊትር ይቀዳልናል። እኔ እዚያው ቆሜ እጠጣለሁ። ጋሼ ግን ጠርሙስ ይዞ ይመጣና አስቀድቶ ወደ ካምፑ ይወስደዋል። ሚስቱ ሴት ልጅ ከተገላገለች ገና ጥቂት ወር ነበር። ከወሊዱ በኋላ ወባ ጥሏት ጡቷ ነጥፎ ነበር። ልጅቷ የምትኖረው በዚያ ጠርሙስ ነው።

ሁለተኛው የርጭት ወቅቴ ላይ አንዲት የላቦራቶሪ ባለሙያ ከናዝሬት መጣች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ፀጉሯን አጥብቃ ወደ ኋላ ያሰረች፣ ቀስ ብላ የምትናገር ሴት። ሠራተኛው ዶክተር ሲላት “ዶክተር አይደለሁም፤ ደም የማይ ሰው ነኝ” ትላለች። የእርሻው ክሊኒክ በረንዳ ላይ ጠረጴዛ አስወጥታ አንድ የእንጨት ሣጥን ከፈተች። ውስጡ ቀጫጭን የብርጭቆ ቱቦዎች፣ ጠርሙሶችና ባለ ሁለት ቀዳዳ መመልከቻ ነበሩት። የሠራተኛው አለቃ የሆነው ካቦ ሁላችንንም አሰለፈን።

“እንግሊዝኛ የሚያነብ አለ?” ብላ ጠየቀች።

ካቦው እኔን ጠቆመ። ስለዚህ ጠረጴዛው ዳር ተቀምጬ መዝገብ ያዝኩላት። እያንዳንዱ ሰው እጁን በሳሙና ታጥቦ ይመጣል፤ በቁጥር እመዘግበዋለሁ፤ እሷ ጣቱን በመርፌ ወጋ አድርጋ አንዲት ጠብታ ደም ቱቦው ውስጥ ከፈሳሹ ጋር ትቀላቅላለች። በመጀመሪያ የወጋችው የራሷን ጣት ነው። መድኃኒት ያልነካው ደም ለማነጻጸሪያ ያስፈልጋል አለችኝ። ከዚያ ቱቦዎቹን ሰዓት ይዛ ታቆያቸዋለች። ጊዜው ሲደርስ በመመልከቻው ውስጥ ቀለማቸውን ከባለ ቀለም ብርጭቆዎች ጋር ታስተያያለች። የሷ ደም ያለበት ቱቦ ቢጫ ሆነ። ከኛ አንዳንዱ ቢጫ፣ አንዳንዱ በቢጫና በአረንጓዴ መካከል ሆነ፤ የሁለት የጀርባ ፓምፕ ረጪዎች ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ ቀረ።

“አረንጓዴ ጥሩ አይደለም እንዴ?” አለ ጋሼ። “ልምላሜ አይደለም ወይ?”

“እዚህ ላይ አይደለም” አለችው። “እዚህ አረንጓዴ ማለት መድኃኒቱ ውስጥዎ ገብቶ ሥራ ጀምሯል ማለት ነው።”

“እኔ ግን ምንም አላመመኝም።”

“ሳያምዎት እኮ ነው የምፈልግዎት።”

በዚያ ሳምንት የነገረችኝን ዛሬም መናገር እችላለሁ። ነርቭ ጡንቻን ሲያዝ አንድ ቅመም ይለቃል። ትእዛዙ ከደረሰ በኋላ ቅመሙ ወዲያው መጠረግ አለበት፤ የሚጠርገውም ነገር ሰውነታችን ውስጥ አለ፣ ደማችን ውስጥም አለ። መድኃኒቱ ያንን ጠራጊ ያስረዋል። ጠራጊው ሲታሰር ትእዛዝ ማለቂያ ያጣል። የዓይን ብሌን ጥበቢ ከተባለች እንደጠበበች ትቀራለች። ምራቅ መውጣቱን አያቆምም። ላብ ይከተላል፣ የሆድ ቁርጠት ይከተላል፣ ጡንቻ ይርገበገባል፣ በመጨረሻ ትንፋሽ ይቆማል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ የሚመጣ ሰንሰለት ነው።

“በርሜሉ ላይ የተጻፈው ቁጥር ስንት አይጥ እንደገደለ ነው የሚናገረው” አለችኝ። “ደንብ የምናወጣው ከሞት ተነስተን ነው። በሕይወትና በሞት መካከል ያሉትን ደረጃዎች ካወቅን ግን ደንቡን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ማድረግ እንችላለን። ሰውየው ገና ማሳ ውስጥ ቆሞ እየሳቀ ሳለ።”

“ወተቱስ?” አልኳት።

“ወተቱ የታሰረውን አይፈታም። ምግብ ነው።”

ይህን ሁሉ በወረቀት አስፍራ ወደ በላይ አካል ልትልክ ነበር። ለሠራተኛው የሚሆነውን በአማርኛ እንድጽፈው ለኔ ሰጠችኝ። አምስት ሣጥን በመስመር ሣልኩ፤ በየመካከላቸው ቀስት፣ ከየሣጥኑ በታች ምን መደረግ እንዳለበት። ቀለሙ ከጤነኛው ግማሽ በታች ሲወርድ ከርጭት ይውጣ። ብሌን ሲጠብ ወደ ክሊኒክ ይምጣ። ምራቅ ሲበዛና ጡንቻ ሲርገበገብ የክሊኒኩ ድሬሰር አትሮፒን የሚባለውን ማርከሻ ይውጋ። ኤንዛይም ለሚለው ቃል አማርኛ አጥቼ “ጠራጊ” ብዬ ጻፍኩ። ወረቀቱ በስቴንስል ተባዝቶ ክሊኒኩና መጋዘኑ ላይ ተለጠፈ። ማንበብ ለማይችሉት ጋሼ በኦሮምኛ አስረዳቸው። ከኔ የተሻለ አስረዳ፤ እያወራ ዓይኑን እያጠበበ፣ ትንፋሽ እያጠረው ሲያሳያቸው ይስቁ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ለዚያ ወቅት ብቻ፣ ለሙከራ ተስማሙ። ቀለሙ ከግማሽ በታች የወረደ ሰው ወደ አረም ይዛወራል፣ ደሙ ሲመለስ ወደ ቦታው ይመለሳል ተባለ። የኔ ቀለም ከግማሽ ትንሽ ዝቅ ብሎ ስለነበር ከማሳው ወጣሁ። አረም ግን አልላኩኝም፤ የሷን መዝገብ እንድገለብጥ ክሊኒክ አስቀሩኝ። በኔ ቦታ ሌላ ሰው ቆመ። ጋሼ ከግማሽ ጥቂት ከፍ ብሎ ስለነበር እዚያው ቀረ።

ማንም ያላሰበው ነገር የወጣው በመጀመሪያው ቀን ነው። ወተቱ ለረጪ ብቻ የተፈቀደ ነበር። ከርጭት የወጣ ሰው ወተትም የለውም። እኔ ግድ አልሰጠኝም።

ባለሙያዋ በየሦስት ሳምንቱ ትመጣለች። በሁለተኛው መምጫዋ ዋዜማ ጋሼ ክሊኒክ መጣና በሩ ላይ ቆመ። ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዟዙረው ነበር።

“ኢልማ ኮ፣ ነገ ደም የምትወጋው አንተ ነህ አሉ።”

“አዎ፣ አስተምራኛለች። እሷ ቀለሙን ታያለች፣ እኔ እወጋለሁ።”

“የኔ ይወርዳል።”

“በምን አወቅህ?”

“ጠዋት ጠዋት ዓይኔ ላይ ጭጋግ አለ። ስትጽፍላቸው የከረምከው እሱ አይደል?”

“ታዲያ ውጣ፣ ጋሼ። ሦስት ሳምንት ብታርም ትመለሳለህ።”

“እኔ እመለሳለሁ” አለ። “ልጅቷ ሦስት ሳምንት ምን ትጠጣለች?”

ለመነኝ ማለት አልችልም። “ያንተ ደም አሁን ደህና ሆኗል” አለኝና ኮፍያውን አጥልቆ ሄደ።

በማግሥቱ ሰልፉ ረጅም ነበር። ባለሙያዋ ጀርባዋን ሰጥታን መመልከቻውን ወደ ሰማዩ ብርሃን አዙራ ተቀምጣለች። የጋሼ ቁጥር አሥራ ሰባት ነው። ተራው ደርሶ ፊቴ ሲቆም እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የመድኃኒቱ ሽታ መጣብኝ። መርፌውን ከጠረጴዛው በታች ይዤ የራሴን የግራ እጅ የቀለበት ጣት ወጋሁ። ጠብታውን ቱቦው ውስጥ ጨመርኩ፤ ቱቦው ላይ አሥራ ሰባት ብዬ ጻፍኩ። ቀጥሎ አሥራ ስምንት ቁጥርን ጠራሁ።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ባለሙያዋ “አሥራ ሰባት፣ ቢጫ” አለች፤ መዘገብኩ። “ጥሩ ነው፣ ተሻሽሏል” ብላ ጨመረች። እሱንም መዘገብኩ።

ከምርመራው በኋላ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት የመጋዘኑን ወረቀት ላደርስ ወደ ማሳው ወጣሁ። አውሮፕላኑ እየሠራ ነበር። ቦዩ ዳር ቆሜ የጋሼን ጨርቅ አየሁት። አውሮፕላኑ አለፈ፤ በወዲህኛው ጫፍ ያለው ሰውዬ አሥራ አምስት እርምጃውን ተራመደ። የጋሼ ጨርቅ አልተንቀሳቀሰም። አውሮፕላኑ ዞሮ መጣና በዚያው መስመር፣ በጋሼ ራስ ላይ እንደገና አለፈ። ያኔም አልተንቀሳቀሰም። ቀጥሎ ጨርቁ ቀስ ብሎ ተጋደመ።

ሮጥኩ። ስደርስ ጋሼ ቁጢጥ ብሎ እንጨቱን በሁለት እጁ እንደያዘ ነበር። ካፉ ምራቅ እየወረደ ደረቱን አርሶታል። ሸሚዙ ውሃ የተደፋበት ይመስላል። ጉንጩ ላይ ሥጋው ለብቻው ይርገበገባል። ቀና አድርጌ ዓይኑን አየሁ፤ ብሌኑ የጤፍ ፍሬ አክላለች። እኔ ራሴ የሣልኳቸውን ሣጥኖች በተራ አየኋቸው፤ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አራተኛውን። የቀረው የመጨረሻው ብቻ ነበር።

ካቦውና አንድ አራሚ መጡ። ልብሱን አውልቀን በቦዩ ውሃ አጠብነው፤ በትራክተር ተሳቢ ክሊኒክ አደረስነው። ድሬሰሩ አትሮፒን ነበረው፤ ባለሙያዋ ትታለት የሄደችውን። ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀት እያየ ወጋው። ቆይቶ ደገመው፣ ደግሞም ሠለሰው፣ አፉ እስኪደርቅ። ትንፋሹ እየተመለሰ ሲመጣ እርሻው የጭነት መኪና ሰጠንና ወደ ናዝሬት ሆስፒታል ይዘነው ወጣን። ሚስቱ ልጅቷን አዝላ ከፊት ተቀመጠች። እኔ ከኋላ ራሱን ጭኔ ላይ አድርጌ።

ወለንጪቲ ላይ ጎማ ፈነዳና ቆምን። ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር አንዲት ሴት ፓፓያ ይዛ መጣች። ገዛሁ። የጋሼ ራስ ጭኔ ላይ እንዳለ ሙሉውን በላሁት፤ ጣፋጭ ነበር። ሚስቱ ዞር ብላ አየችኝ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የሠራሁትን ሁሉ ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ መርፌው ሳይሆን ያ ፓፓያ ነው።

ጋሼ ተረፈ። በአምስተኛው ቀን ተነስቶ ተቀመጠ።

ባለሙያዋ ወሬውን ሰምታ ተራዋ ሳይደርስ መጣች። ሰላም እንኳ ሳትለኝ መዝገቡን ከፈተች። አሥራ ሰባት፣ ቢጫ፣ ተሻሽሏል። ጣቷን መስመሩ ላይ አደረገች።

“እንዴት ይሆናል?” አለች። “ከመውደቁ ዘጠኝ ቀን በፊት ሙሉ ጤነኛ ነበር። በዘጠኝ ቀን ከዚህ ተነስቶ እዚያ አይደርስም።”

“አላውቅም” አልኩ።

ቱቦዎቹን እንደገና አጠበቻቸው። የራሷን ደም ወጋች፣ የድሬሰሩን፣ የሾፌሩን። ሁሉም ቢጫ። ፈሳሹ ተበላሽቶ ይሆናል ብላ አንዱን ጠርሙስ ሙሉ አፈር ላይ ደፋችው፤ አዲስ በጠበጠች። ውጤቱ ያው ነው። ሙቀቱ ይሆናል ብላ ሰዓቱን አሳጥራ ሞከረች። በሁለተኛው ቀን ጣቶቿ ሁሉ ተወጋግተው ነበር። ከሰዓት በኋላ ወረቀት አውጥታ መጻፍ ጀመረች፤ ገልብጥልኝ ብላ ሰጠችኝ። የቀለም ምርመራው በቆላ ሙቀት አስተማማኝ ሆኖ እንዳልተገኘ፣ ስለዚህ ደንቡ በሱ ላይ እንዲመሠረት ያቀረበችውን ሐሳብ መልሳ እንደምትስብ ይላል።

ብዕሩን ይዤ ሁለት መስመር ገለበጥኩ። ሦስተኛው ላይ ቆምኩ።

“ምርመራው ትክክል ነው” አልኳት።

“ምን?”

“ያ ደም የሱ አይደለም። የኔ ነው።”

አየችኝ። እስክትጮህ ጠበቅሁ። አልጮኸችም።

“ስንት ሰው?” አለች።

“እሱን ብቻ።”

“እርግጠኛ ነህ?”

“እሱን ብቻ ነው።”

“ለምን?”

“ወተቱ ይቀርበታል። ልጁ የምትጠጣው እሱን ነው።”

ባለሙያዋ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈች። በረንዳው ላይ ዶሮ እየጫረ ነበር፤ እሱን ስታይ ቆየች። በኋላ የጻፈችውን ወረቀት ካጄ ወስዳ ቀደደችው። “ስለ ነርቭ፣ ስለ ደም፣ ስለ ዓይን ብሌን አስቤያለሁ” አለች። “ሰውየው ከመስመር ሲወጣ ምን እንደሚያጣ ግን አንዴም አልጠየቅሁም።” ከዚያ ድምጿ ተለወጠ። “አንተ ግን ታውቅ ነበር። ሣጥኖቹን የሣልካቸው አንተ ነህ።”

“አዎ” አልኩ።

 

በዚያው ቀን ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገባች። መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከውጭ ቆሜ ሰማኋቸው።

“ጓዲት፣ ይህ አሻጥር ነው” አሉ ሥራ አስኪያጁ። “የመንግሥት መዝገብ ማጭበርበር ነው። ማን ነው ያደረገው?”

በዚያ ዘመን አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚሄድ አውቃለሁ። ወንድሜን የወሰዱት ሰዎችም ይህንኑ ቃል ነበር የተጠቀሙት። ቆሜ ጠበቅሁ። እግሬን ላነሳ አላሰብኩም።

“የሆነው የኔ ጠረጴዛ ላይ ነው” አለች። “ናሙና ተቀያይሯል። ኃላፊነቱ የኔ ነው። ግን የተቀያየረው ደንቡ ስለተሳሳተ ነው። ከርጭት የሚወጣ ሰው ወተቱን ካጣ ሁሉም ይደብቁናል፤ ዛሬ አንድ፣ ነገ ሃያ።”

“ወተቱ ለረጪ ነው የተፈቀደው። እኔ ከየት አምጥቼ ለአራሚ እሰጣለሁ?”

“ለአራሚ አይደለም። መድኃኒቱ ገና ደሙ ውስጥ ላለ ረጪ ነው።”

ሥራ አስኪያጁ ስለ ምርት ዘመቻውና ስለ ኮታው ብዙ ተናገሩ። እሷ ብዙ አልተናገረችም። አብራሪው አንድ መስመር ሁለት ጊዜ መረጨቱን ለበላዮቹ አሳውቆ ስለነበር ነገሩ ተሸፍኖ የሚቀር አልነበረም። በመጨረሻ ለምን እንደተስማሙ አላውቅም። ምናልባት ሰው ቢሞት የሚጠየቁት እሳቸው መሆናቸው ትዝ ብሏቸው ይሆናል። ከርጭት የሚወጣ ሰው ወተቱም ቦታውም እንዲጠበቅለት፣ ጣት የሚወጋውም ከእርሻው ሠራተኛ ውጭ እንዲሆን ተጻፈ። እሷ በናዝሬት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈባት። የኔ ስም የትም አልተጻፈም።

ወተቱ በተፈቀደ በሳምንቱ፣ ማንም ሳይጠራቸው አራት ሰዎች ክሊኒክ መጥተው “ዓይናችን ይጨልምብናል” አሉ። አራቱም አረንጓዴ ሆኑ። በምርመራ ቀን እየቀሩ ለሳምንታት ደብቀውን ነበር።

ጋሼ ከሆስፒታል ወጥቶ ካምፕ ተመለሰ። ቀለሙ እየተሻሻለ ነበር፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ባለሙያዋ ራሷ ወግታ አየችውና ቢጫ ሆነ። ደስ አላት። በዚያው ሳምንት ግን የእግሬ ጣቶች ላይ ጉንዳን የሚሄድ ይመስለኛል ማለት ጀመረ። ቀጥሎ መዳፉ ደነዘዘ። ጫማው እግሩ ላይ መኖር አለመኖሩን አያውቅም። ሲራመድ እግሩ መሬቱን በጥፊ የሚመታ ይመስል ነበር።

“ቢጫ ነኝ ብለሽኝ የለ?” አላት። እንደ እህቱ አንቺ ሊላት ጀምሮ ነበር።

ጎንበስ ብላ የእግሩን መዳፍ በመርፌ ነካች። አልተሰማውም። እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ ነካካችው።

“ይኼ ሌላ ሰንሰለት ነው” አለችው። “ጠራጊው ተፈቷል፤ ቀለሙም እሱን ነው የሚያሳየው። እግርዎ ላይ የያዘው ሌላ ነገር ነው። አንዳንዱ መድኃኒት ቆይቶ እንዲህ እንደሚያደርግ አንድ ቦታ አንብቤያለሁ። ግን ከጣት ደም የሚታይበትን መንገድ አላውቅም።”

“ይመለሳል?”

“አላውቅም። እየተመለሰ የሄደ አለ፤ ያልተመለሰለትም አለ።”

ጋሼ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ያን ጊዜ ባለሙያዋ ብትዋሽለት ደስ ይለኝ ነበር። እሷ ግን የምታውቀውንና የማታውቀውን ለይታ ነገረችው፤ ወረቀቱም ላይ አንድ መስመር ጨመረች። የተመረዘ ሰው ቢድን እንኳ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት እግሩ ይታይ የሚል። የጻፍኩት እኔ ነኝ።

የጋሼ እግር አልተመለሰም። እርሻው ለጥቂት ወራት ዘበኛ አደረገው፤ በኋላ ቤተሰቡን ይዞ ወለንጪቲ ገባና ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ተቀምጦ መሸጥ ጀመረ። ደም የቀየርኩለትን ቀን አንስተን የተነጋገርነው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እኔ ነኝ ያነሳሁት።

“ጋሼ፣ ያን ቀን እንቢ ብልህ ኖሮ” አልኩ።

“ብትል ኖሮ ሌላ እለምን ነበር” አለ። “ሰው አይጠፋም።”

ይህ ይቅርታ ይሁን ወይም ሐቁን መናገር ይሁን እስከ ዛሬ አልለየሁም።

በሚቀጥለው ዓመት እርሻው በማሳው ጫፎች ላይ ቀለም የተቀባ ብረት አቆመ፤ ባንዲራ ያዥ የሚባል ሥራ ቀረ። ባለሙያዋ ወደ ናዝሬት ወሰደችኝና ረዳቷ ሆንኩ። ለምን እኔን እንደመረጠች ጠይቄያታለሁ። “የምትዋሸው ምን ሲሆን እንደሆነ አውቃለሁ፤ የሌሎቹን አላውቅም” አለችኝ። ከሷ ጋር ከዝዋይ እስከ ሻሸመኔ ባሉት እርሻዎች ዞርን። በያንዳንዱ እርሻ መጀመሪያ ሣጥኑን ከመክፈታችን በፊት ረጪዎቹን ሰብስበን “ከርጭት ብትወጡ ምን ይቀርባችኋል?” ብለን እንጠይቃለን። አንዱ ጋ ሳሙና ነበር። ሌላ ቦታ ከመጋዘኑ አጠገብ ያለ የተሻለ መኝታ። እሱን ከሥራ አስኪያጁ ጋር ካልጨረስን ጣት አንወጋም። ወደ በላይ የተላከው ወረቀት የት እንደደረሰ አናውቅም፤ መልስ አልመጣም። ደንቡ ግን በምንዞርባቸው እርሻዎች፣ እኛ እስካለን ድረስ ይሠራ ነበር። መንግሥቱ ሊወድቅ ሲል እርሻዎቹ ፈራረሱ፤ የኛም ሥራ ቆመ። እሷ ወደ ትውልድ አገሯ ተዛወረች፤ ከጥቂት ደብዳቤ በኋላ ተጠፋፋን።

ወለንጪቲ በሄድኩ ቁጥር ጋሼን አየዋለሁ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በገበያ ቀን ነው። ሽንኩርቱን ሸጦ ጨርሶ ነበር፤ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ቤቱ አብረን ሄድን። በሁለት ዱላ ነው የሚሄደው። እግሩ መሬቱን ስለማይነግረው የሚረግጠውን በዓይኑ ማየት አለበት፤ ቀና ካለ ይወድቃል። ስለዚህ ሲሄድ አያወራም፣ ሰውም ሰላም ሲለው አይመልስም፤ የሚያውቁት ሁሉ ይህን ለምደውታል። አስፋልቱ መሀል ስንደርስ ከድሬዳዋ በኩል የመጣ የጭነት መኪና ጥሩንባውን ለቀቀብን። ክንዱን ልይዘው እጄን ዘረጋሁ።

“ተወኝ” አለኝ ቀና ሳይል።

ተውኩት። መኪናው ቆመልን። ጋሼ ዓይኑን ከእግሮቹ ላይ ሳያነሳ አንዱን አስቀድሞ፣ ሌላውን አስከትሎ ተሻገረ፤ እኔም ከጎኑ በሱ እርምጃ ልክ ሄድኩ።